በጆንያ የተመለሱ ንቦች

ላውረን ኢግናታቪች «ንብ በከተ» ሲባል ጆሮው አይወድም። ላም ትበክታለች፣ ፈረስ ይበክታል፤ ንብ ግን እንደ ሰው ይሞታል ባይ ነው። ዕቃ ጭኖ በየመንደሩ የሚዞረው የሱቅ መኪና ሾፌር ራማን አንድ ጊዜ አምልጦት «ዘንድሮ ንቡ ሁሉ በክቷል አሉ» ቢለው፣ ላውረን የገዛውን ስኳር መልሶ አስቀመጠና «መጀመሪያ አፍህን አስተካክል፣ ከዚያ ትሸጥልኛለህ» አለው። ራማን «ኧረ ሞቱ! ነፍስ ይማር!» ብሎ ነው የተገላገለው።

አልሆውካ በረግረጉ መካከል፣ አሸዋ ጉብታ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ድሮ ሰው ሁሉ እንደ ላውረን ነበር የሚናገረው። አሁን «ሰው ሁሉ» የሚባለው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፋል። ወጣቱ ወደ ፒንስክና ወደ ሚንስክ ሄዷል፤ ሽማግሌው ጥዶቹ ሥር ተኝቷል። መስኮቱ በሳንቃ በተመታ ቤት ጣሪያ ላይ ሽመላ ትፈለፍላለች፤ እሷ ምን ቸገራት።

ላውረን ገና ጎልማሳ ሳለ አንድ ሰኔ ላይ ንቦቹ ከቀፏቸው ወጥተው፣ ኦኒሲም የሚባል ጎረቤቱ ጥድ ላይ ከሰቀለው የግንድ ቀፎ ገቡ። ላውረንና ኦኒሲም በሣር መሬት ተጣልተው «ዓይንህ ላፈር» የተባባሉ ሰዎች ነበሩ። ንቦቹ ግን ይህን አያውቁም። በአልሆውካ ደንብ ንብህ በገዛ ፈቃዱ ሰው ቀፎ ከገባ አታስመልሰውም። ንቡም ማሩም የሁለታችሁ ይሆናል፤ እናንተም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስያበር ትባላላችሁ። የንብ አበልጅ በሉት። ከስያበር ጋር መካሰስ የለም፣ ተኮራርፎ ማደር የለም። ስያበር ቤት ሲኬድ በር አይንኳኳም፤ ገፍቶ መግባት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ደግሞ ሌላው ይቀብረዋል፤ ይህን ዘመድም ቄስም አይቀማውም።

ኦኒሲም በማግስቱ ዳቦና ጨው ይዞ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ላውረን ደጅ ላይ ቆመ። «ንቦችህ እኔ ቤት ገብተዋል። እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ። ዳቦውን ቆርሰው በሉ። በጠባቸው ላይ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ታረቁ፤ እስኪያረጁም ዓይንና ቅንድብ ሆነው ኖሩ። ኦኒሲም ሲሞት ላውረን ቀበረው። ልጆቹ ከከተማ መጥተው የአባታቸውን ቀፎዎች በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱ፤ ንቦቹም እዚያው ከተማ ውስጥ ሞቱ ሲባል ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ላውረን ስያበር የሌለው ስያበር ሆነ። ሚስቱ ከኦኒሲም ቀደም ብላ አርፋለች፤ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ቀን ቀን ከንቦቹ ጋር ይውላል፣ ድንቹን ይኮተኩታል፣ ያን ያህል አይከፋውም። መሸት ሲል ግን ሆዱን ባር ባር ይለዋል። አንድ ቀን እሱም እንደሚሞት ያውቃል፤ መሞቱን አይፈራም። የሚፈራው ራማን በሱቅ ቀን መጥቶ ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ፣ «ሽማግሌው ዛሬ ምንም አልፈለገም» ብሎ መሄዱን ነው።

እንደዚህ ያለ ሰው ስያበር አይፈልግም ወይ ቢሉ፣ ይፈልጋል እንጂ። ግን ስያበር አይለመንም። ሚስት ትለመናለች፣ ዘር ይለመናል፣ ፈረስ ለእርሻ ይለመናል፤ ስያበርን የሚመርጡት ንቦቹ ናቸው። የላውረን ንቦች ደግሞ በየዓመቱ ሲወጡ ሰው በሌለበት ግቢ ዛፍ ላይ ይሰፍሩበታል። እሱም መሰላል ተሸክሞ ሄዶ፣ ለቅሞ፣ ወደ ቤቱ ይመልሳቸዋል። ከባዶ ቤት ጋር ስያበር መሆን አይቻልማ።

በዚህ መሐል ቴክሊያ መጣች። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑት የማካር ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ከላውረን ጋር ዝይ ጠብቃለች። ገና ኮረዳ ሳለች ወደ ሰሜን፣ መሬቱ ዓመት ሙሉ ወደማይቀልጥበት የከሰል ከተማ ሄዳ እዚያው አግብታ ቀርታ ነበር። አንድ የጸደይ ቀን ሁለት ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደችና የእናቷን ቤት መስኮት ሳንቃ ነቀለች። ላውረን እንኳን ደህና መጣሽ ሊል በአጥሩ ላይ አንገቱን ቢያሰግግ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ላውረን ኢግናታቪች። እንዴት ሰነበቱ?» አለችው፤ ከነአባት ስሙ፣ በአንቱታ። አብረው አፍንጫቸው እየፈሰሰ ዝይ ያባረሩ ሰዎች! እሱም አፍሮ «ደህና ነኝ፣ ቴክሊያ ማካራውና፤ እርስዎስ?» አለና አንገቱን መለሰ።

በዚያው ሰኔ፣ ቀትር ላይ፣ ንቦቹ ወጡ። ላውረን እንዲሰፍሩ ድስት እየደበደበ ተከተላቸው። መንጋው ጎዳናውን ሊሻገር መስሎ ዞረ፣ አጥሩን አለፈ፣ ከቴክሊያ እናት አሮጌ የግንድ ቀፎ ፊት ጥቂት አንዣበበ። ያ ቀፎ ሴትዮዋ ከሞተች ወዲህ ባዶውን ነው የቆመው። ንቦቹ አንድ በአንድ፣ ቤቴ ነው እንደሚል ሰው፣ ገቡበት። ላውረን ድስቱን አወረደ። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ደንቡን ያውቃልና ግቢዋ አልገባም፤ ዳቦና ጨው ይዞ የሚመጣው ንብ የገባለት ሰው ነው። ቤቱ ተመልሶ ወለሉን ጠረገ፣ ነጩን ሸሚዝ ለበሰ፣ ጠረጴዛው ላይ የተልባ ጨርቅ ዘረጋ፣ ዳቦ የሚቆረስበትን ቢላዋ ሳለ። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ በሩን በርግዶ ተቀመጠ። ሊላት ያሰበውን ሁሉ በአፉ እያመላለሰ ነበር፤ በመጨረሻ «እሰይ» ብቻ ሊል ቆረጠ።

ቴክሊያ ረፋዱ ላይ መጣች። ዳቦ አልያዘችም። አፉ በገመድ የታሰረ እርጥብ የድንች ጆንያ በሁለት እጇ ከሰውነቷ አርቃ ይዛለች። ጆንያው ውስጥ ንቦቹ ይተማሉ።

«ላውረን ኢግናታቪች፣ ንቦችዎ ወደ እኔ መጥተው ነበር። አምጥቼልዎታለሁ» አለች።

ላውረን ተነሣ። ነጩ ሸሚዝ አሳፈረው። «እግዜር ይስጥልኝ። ባልደከሙ» አለ። ሰው በአደባባይ ቢሰድበው ይመልሳል፤ በትሕትና አልፈልግህም ላለው ምን መልስ አለው። ጆንያውን ተቀብሎ ንቦቹን ቀፎ ውስጥ አገባቸው። አንዷ አውራ ጣቱን ነደፈችው፤ እሷንም አልተቆጣት።

ሰኔና ሐምሌን ያችኑ አመነዠከ። ረስታው ይሆን? አርባ ምናምን ዓመት ከሰል ጭስ ውስጥ የኖረ ሰው ደንብ ቢረሳ አይፈረድበትም። ወይስ አውቃ ነው? ሄዶ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግን መጠየቅ መለመን ነው። እናም አጥር ለአጥር ሆነው «ጤና ይስጥልኝ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» እየተባባሉ ከረሙ።

ነሐሴ ላይ፣ ከማር በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከሚንስክ አንዲት ሴት መጣች። ስሟ ያድቪጋ ነው። መነጽር ያደረገች፣ ጸጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ሥራዋ የቃላትን የዘር ሐረግ መቁጠር ነው። ላውረን ደጅ ላይ ተቀምጣ ትንሽ የድምፅ መቅጃ መሐላቸው አኖረች። ሰው ቤቱ መጥቶ እስኪበቃው ሲያወራው ስንት ጊዜው! ጎምዛዛ ወተቱን አቀረበ፣ የድንች ቂጣውን በአሳማ ስብ ጠበሰ።

«አባባ ላውረን፣ ስያበር ለእርስዎ ምንድን ነው?»

ነገራት። ንቡን፣ ዳቦውን፣ በር አለማንኳኳቱን፣ መቃብሩን። ያድቪጋ ቂጣው እስኪቀዘቅዝ አፏን ከፍታ ሰማች።

«ከተማ ውስጥ እኮ ዛሬ ማንኛውም ጓደኛ ስያበር ይባላል። ስልክ የሚደዋወል ሁሉ።»

«እንግዲያማ ከተሜ ሀብታም ነው» አለ ላውረን።

ሳቀች። ከዚያ ቃሉ የአልሆውካ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችው። ሰርቦች ዘንድ ተራ ገበሬ ማለት ነበር፤ ኖቭጎሮድ ዘንድ መሬት በጋራ የያዘ ሰው። ሊቱዌኒያዎች ተውሰውታል፤ በግሪክ ተራሮች እርሻ ተካፍሎ የሚያርስ ሰው የሚጠራበት ስም እንኳ የዚሁ ዘር ነው የሚሉ አሉ።

«እነዚህ ሁሉ የልጅ ልጆች ናቸው። አያታቸው አንድ ቃል ነው፤ ‹ሴንብሩ› የመሰለ ነገር፣ በአፍንጫ የሚባል።»

«ማን ሲለው ሰማችሁት?»

«ማንም። ያኔ ተናጋሪዎቹ ፊደል አልነበራቸውም። እኛ የልጅ ልጆቹን መልክ እያየን አያትየውን እንስላለን። ስንጽፈው ከፊቱ ኮከብ እናደርግበታለን። ‹ይህን ቃል የሰማው በሕይወት የለም› ማለት ነው።»

«አያትየውስ ከማን ተወለደ?»

«እሱ ላይ ነው ጠቡ» አለች ያድቪጋ፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ። «አንዱ ወገን ‹የአንድ ቤት ሰው፣ ቤተሰብ› ከሚል ከዚያም ከሚቀድም ቃል ነው ይላል። የጀርመኖች የጥንት አባቶች የሥጋ ዘመድን የሚጠሩበት ቃል የቅርብ ዘመዱ ነው ይላል። ሌላው ‹የለም፣ አንድ፣ አብሮ ከሚል ነው› ይላል። አስተማሪዬና ባላጋራው በዚህ ተኮራርፈው እስኪሞቱ አልተነጋገሩም።»

«በስያበር?» ላውረን ሳቁ አመለጠው፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ከስያበር ጋር መጣላት ክልክል መሆኑን የነገራቸው አልነበረም?»

ሁለቱም ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ከዚያ ያድቪጋ መነጽሯን እየጠረገች፣ «ቃሉን የሚያስታውስ ሽማግሌ ብዙ አግኝቻለሁ፣ አባባ። የሚኖርበትን ግን አንድም አላገኘሁም። እርስዎ አሁን ስያበር አለዎት?» አለችው።

ኮከቡ ከፊቱ የተቀመጠበት እሱ ራሱ መሰለው። ቃሉ አፉ ውስጥ አለ፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው ግን የለም። የለኝም ለማለት አፉን ከፈተ። ብቻውን መሆኑን ለገዛ ራሱ ብዙ ጊዜ ነግሮታል፤ ለሰው ጆሮ፣ ያውም ለሚንስክ፣ መንገር ግን አቃተው።

«አለኝ» አለ። «ቴክሊያ። አጥር ማዶ ያለችው።»

ያድቪጋ ፊቷ በራ። «በሕይወት ያለች? እሷንም ላነጋግራት!» ብላ መቅጃዋን አንሥታ፣ እሱ «ቆዪ» እስኪል፣ አጥሩን ዞረች።

ላውረን ከማገዶው ክምር ኋላ ቆመ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ ግን እስኪያድር እንኳ አልቆየም። ድምፃቸው ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን አይለይም። መጀመሪያ ያድቪጋ ጠየቀች። ከዚያ ቴክሊያ መለሰች። ያድቪጋ ስትወጣ በደስታ እጇን አወዛወዘችለት፤ አመሻሽ ላይም በራማን መኪና ሄደች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቴክሊያ የላውረንን በር ወገቧን ይዛ ሞላችው።

«ላውረን!» አለች። ኢግናታቪች የለም፣ እርስዎ የለም። «አንተ ሽማግሌ፣ እንዲህ ዓይንህን በጨው አጥበህ ትዋሻለህ?»

ፈራ፣ ግን ደስም አለው። «አንተ» የሚለው ሰው ካጣ ቆይቷል። «ምን አልሻት?» አለ።

«ምን እላታለሁ! ያቺ ምስኪን ዓይኗን አፍጥጣ ‹እማማ፣ እውነት ነው?› ትለኛለች። ‹የለም፣ ንቦቹን በጆንያ አስሬ መልሼለታለሁ› ልበላት? በእናቴ ግቢ ቆሜ? እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ታጮለኝ ነበር። አዎ አልኳት።»

«ታዲያ ደንቡን ረስተሽ አይደለም?»

«ምኑን እረሳዋለሁ? እዚሁ ዳቦ በልቼ አይደል ያደግኩት?»

«እኮ ለምን መለስሻቸው?»

ቴክሊያ እጇን ከወገቧ አወረደች። «ባሌን ቀበርኩ። ልጄን ቀበርኩ፤ እዚያ መሬቱ በድማሚት ካልሆነ በማይቆፈርበት አገር። እዚህ የመጣሁት የእኔ የምለው ሰው የሌለበት ቤት ፍለጋ ነው። አንተን ስያበር ብዬ ልለምድህ፣ አንድ ጠዋት ጭስህን ላጣው፣ ደግሞ ልቅሶ ልቀመጥ? አንጀት አልቀረልኝም፣ ላውረን።»

«እኔስ ብቻዬን ልሙት?»

«እኔም ብቻዬን ነው የምሞተው። ተካክለናል።» ዞራ ከበሩ ከወጣች በኋላ፣ «በዚያች ሴትዮ መቅጃ ውስጥ ስያበር ነን። እዚህ ግን ጎረቤት ነን። ይበቃሃል» አለችው።

ሚንስክ ውስጥ ባንድ ክፍል የመጨረሻዎቹ ስያበሮች ድምፅ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ዋሽተው። ላውረን ይህን ሲያስበው ያፍራል፤ ግን እዚያ ቦታ እንኳ አንድ ሰው አዎ ብሎለታልና ደጋግሞ ያስበዋል። ቴክሊያም አንዴ ካፏ ወጥቷልና «አንተ»ዋን አልመለሰችውም። ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ፣ ውሸታም» ትለዋለች፤ እሱም «ደህና ነኝ፣ ምስክሬ» ይላታል። ከዚያ በላይ አይሄዱም። በማር በዓል አንድ ሳሕን እሸት ማር ቢወስድላት በአጥሩ ላይ ተቀብላ ሳሕኑን አጥባ፣ የደረቀ እንጉዳይ ሞልታ መለሰችለት። ቤቷ ግባ አላለችውም። ያም ሆኖ፣ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ በመጀመሪያ የሚያየው የእሷን ጭስ ማውጫ ሆነ።

በረዶው ጉልበት በደረሰበት ሰሞን አንድ ጠዋት ጭሱ አልነበረም።

ካፖርቱን ደርቦ፣ በረዶውን በጉልበቱ እየገፋ ሄደ። በሯ ላይ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ፤ ከዚያ ተወውና ገፍቶ ገባ። ቴክሊያ ምድጃው ሥር አግዳሚው ላይ ከነሻሿ ተጋድማ ታቃስታለች። ደረቷ ያፏጫል፣ ግንባሯ እሳት ነው። እሳቱን አነደደ፣ ውሃ አጠጣት፣ መንደሩ ጫፍ ስልክ ካለው ቤት ሄዶ አምቡላንስ አስጠራና ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሂድ ወደ ቤትህ» አለችው። «እምቢ» አላት። ዳግመኛ አላለችውም።

አምቡላንሱ ከቀትር በኋላ ደረሰ። ወጣቷ ነርስ በፍጥነት አየቻት፤ ሁለት ሰዎች አንሥተው መኪና ውስጥ አስገቧት። ላውረን እግሩን ከደረጃው ላይ ሲያደርግ ነርሷ አገደችው።

«ምኗ ነዎት፣ አባባ?»

ላውረን አንዴ ዋሽቷል። ቴክሊያ ዓይኗን ጨፍና እየሰማችው መድገም አልሆነለትም። «ጎረቤት ነኝ» አለ።

«ስያበሬ ነው» አለች ቴክሊያ ከውስጥ። ዓይኗን አልገለጠችም። ድምፁ ግን የእሷ ነው፤ ትንፋሽ ቆጥባ፣ ትንፋሽ ከፍላ ነው የተናገረችው።

ነርሷ ደግ ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም። «ይገባኛል፣ አባባ። ቦታው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለዘመድ» አለችና በሩን ዘጋች። መኪናው ጎማው እየተንሸራተተ በጥዶቹ መካከል ሄደ። ላውረን በሕይወቱ ሁለተኛ ስያበሩን አገኘ፤ ያገኛትም በጀርባዋ ተኝታ ስትሄድ ነው። ቆሞ አለቀሰ፤ የሚያየው ስለሌለ እንባውን አልጠረገም።

በሚቀጥለው የሱቅ ቀን ላውረን ዳቦ ሳይጠይቅ ስልክ ጠየቀ። ራማን የሆስፒታሉን ቁጥር ፈልጎ ደውሎ ሰጠው። ከወዲያ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ የቴክሊያን ስም አስደግማ ጠየቀችውና፣ «እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለች።

«ስያበሯ ነኝ።»

«አዝናለሁ፣ ለዘመድ ብቻ ነው የምንናገረው።»

ላውረን ራማንን አየው። ራማን ዓይኑን ወደ ዳቦው መደርደሪያ አዞረ።

«ወንድሟ ነኝ» አለ ላውረን።

ሴቲቱ ነገረችው። ትናንት ጠዋት ነው ያረፈችው። ስቃይ አልነበረባትም፣ ተኝታ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰውነቷን ተረክቦ የሚቀብራት ዘመድ እንዳለ ጠየቀችው።

«አለ» አለ ላውረን። «ነገ በጠዋት ይመጣል።»